ሞተር ሳይክል ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር ሽፋኑና ዳሽቦርዱ አይዘንጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ነባሩን የነዳጅ ሞተር ሳይክል በባትሪ ወደሚሠራ ስለ መቀየር ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ ባትሪው ስንት ያወጣል፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ከሚለው አያልፍም። ፌሪንግ የሚባለው የፊትና የጎን ሽፋንና ዳሽቦርዱ እንደ ማሳመሪያ ተቆጥረው መጨረሻ ላይ ይሠራሉ፤ ያኔ ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቋል። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ለሚነዳ፣ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ሐረር ለሚመላለስ ሰው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። ንፋስ የት እንደሚገባ፣ መሪው ምን ያህል እንደሚዞር፣ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ የሚወስነው ሽፋኑ ነው። አቀበቱን ጨርሶ ይወጣ እንደሆነ ነጂው ቀድሞ የሚያውቀውም ከዳሽቦርዱ ነው። ስለዚህ ባትሪው ከመገዛቱ በፊት ሁለቱም በካርቶን ተቆርጠው ሻንሲው ላይ ይለኩ።

ወጣቶቹ የሚወዱት የውድድር ሞተር የሚመስለውን፣ ከፊት መብራቱ እስከ እግር መርገጫው ሁሉን የሚሸፍን ዓይነት ነው። የነዳጅ ሞተሩ ከወጣ ሙቀትም አብሮ የወጣ ይመስላቸዋል። አልወጣም። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር 3 ኪሎዋት ሲያሳልፍ ብቃቱ 95 በመቶ እንኳ ቢሆን 150 ዋት ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህንን ሙቀት የሚወስድለት በአሉሚኒየም አካሉ ላይ የሚያልፈው ንፋስ ብቻ ነው። ንፋሱ ከተዘጋ ኮንትሮለሩ ራሱን ለማዳን ኃይል ይቀንሳል። ነጂው ይህን የሚያውቀው ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ ከኋላው ከባድ መኪና እያጓራ፣ ሞተሩ ሲለግምበት ነው።

በእኔ አስተያየት ለዚህ አካባቢ የሚበቃው መብራቱንና ዳሽቦርዱን የሚይዝ አነስተኛ የፊት ሽፋንና ከባትሪው ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት የጎን ሽፋኖች ናቸው። የንፋሱ መግቢያ ከመሪው አንገት ሥር፣ መውጫው ከወንበሩ ሥር ይሁን፤ መውጫው በስፋት ከመግቢያው አይነስ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መውጫው ነው። መውጫ ከሌለ ንፋሱ ፊት ላይ ተጠራቅሞ በጎን ያመልጣል እንጂ ኮንትሮለሩን አይነካውም። የኮንትሮለሩ ክንፎች ከሽፋኑ ግድግዳ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይራቁ፤ አቀማመጣቸውም ንፋሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይከተል። ባትሪው ግን ለብቻው ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ከአቧራና ከውኃ ይጠበቅ። አብዛኞቹ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪዎች ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቀው ቻርጅ እንዲደረጉ አምራቾቻቸው አይፈቅዱም። በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር እንኳ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለን ሞተር ወዲያው ቻርጅ ላይ መሰካት ባትሪውን ማስረጀት ነው። የጎን ሽፋኖቹ ቀለምም እዚህ ላይ ይቆጠራል። ጥቁር ያምራል፤ ነጭ ወይም ብርማ ግን ባትሪውን ያቆያል።

የፊት ሽፋኑን ከመሪው ጋር ማሰር ቀላል ስለሆነ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ከመብራት መያዣ የማይበልጥ ትንሽ ሽፋን ከሆነ ችግር የለውም። ከዚያ ሲያልፍ ክብደቱ መሪውን ያዘገየዋል፤ ገላጣ ቦታ ላይ የጎን ንፋስ ሲመታው ደግሞ መሪውን ይጎትተዋል። ትልቅ ሽፋን መታሰር ያለበት ከሻንሲው ነው፤ መሪው ከውስጡ እንደ ልቡ መዞር አለበት። መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ በብረትና በሽፋን መካከል 15 ሚሊ ሜትር፣ እጅ በሚያልፍበት ቦታ ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት፤ ጓንት ያደረገ ጣት በእጀታና በሽፋን መካከል ከተያዘ መሪውን መመለስ አይቻልም። ቀጥሎ የፊት አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ ፓራፋንጎው ሽፋኑን ይነካ እንደሆነ ይታይ። ሰው ተቀምጦበት መጫን አይበቃም፤ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከመሬት ጋር ጠፍሮ እስኪያበቃ ማውረድ ነው። የኮብልስቶን ጉድጓድ ከቀበቶው ያላነሰ ያወርደዋል።

ወደ ሽፋኑ ማቴሪያል ስንመጣ፣ አሁን አሁን በ3ዲ ፕሪንተር የታተመ ቁራጭ በስጦታም በግዢም ከአዲስ አበባ ይመጣል። ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ለዚህ ከተማ አይሆንም። በ60 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ይጀምራል፤ ሳቢያን ወይም ታይዋን በሚባሉት የከተማችን ሰፈሮች ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ሽፋን ደግሞ እዚያ ሙቀት ይደርሳል። እንደ ከዚራ ሰፈር ያለ የዛፍ ጥላ ሁሉም ሰፈር የለም። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ መለስለስ የሚጀምረው በ100 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የግድ ከታተመ እሱ ይሻላል።

ላሜራ በድሬዳዋ የሚሠራው ሰው አይጠፋም፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ ብረት መምታትና መበየድ የከተማዋ ሙያ ነው። ጉዳዩ ክብደት ነው። ለፊትና ለሁለቱ ጎኖች በድምሩ 0.65 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል ብንል፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ 4.1 ኪሎ ይመዝናል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 2.6 ኪሎ፣ ሁለት ንጣፍ ፋይበር ግላስ ደግሞ 2 ኪሎ ያህል። ለጎን ሽፋን አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ በእጅ ይታጠፋል፣ ቢመታም ይቃናል። ለፊት ሽፋኑ ጥምዝ ስለሚበዛው ፋይበር ግላስ ነው።

ለተባለው ስፋት ሁሉ ፋይበር ግላስ ቢመረጥ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው የመስታወት ክር ምንጣፍ በሁለት ንጣፍ፣ ቁርጥራጩን ጨምሮ 700 ግራም ያህል ይፈልጋል። ምንጣፉ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፖሊስተር ሬዚኑ፣ ከምንጣፉ ክብደት ሁለት እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሆነ 1.5 ኪሎ በቂ ነው። ማጠንከሪያው 1 በመቶ፣ ማለትም ለዚህ ሁሉ 15 ግራም ነው። ቀዝቃዛ አገር የተጻፉ መመሪያዎች 2 በመቶ ይላሉ፤ እዚህ 2 በመቶ ከተደረገ ብሩሹ ገና ሳይነሳ ጣሳው ውስጥ እየጨሰ ይደርቃል። ከ1 በመቶ በእጅጉ ዝቅ ከተደረገ ደግሞ ለወራት እንደተጣበቀ ይቀራል። ስለዚህ መጠኑን መቀነስ ሳይሆን ጊዜውን መምረጥ ነው የሚሻለው፤ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም ያልበለጠ ሬዚን በሰፊ ሳህን መበጥበጥ። ጠባብ ጣሳ ሙቀቱን ያፍነዋል።

ቅርጹ በሸክላ ጭቃ፣ በጂፕሰም ወይም በእንጨት ይወጣል። ቴሌቪዥን የሚታሸግበትን ነጭ ስፖንጅ መሳይ ፎም የሚጠቀሙ አሉ፤ ፖሊስተር ሬዚን ሲነካው ይቀልጣልና በሰፊ ፕላስተር ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ቅርጹ ሰም ይቀባል፣ ይወለወላል፣ ይህም ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል፤ እዚህ የተሰነፈ ሰው ሽፋኑን ከቅርጹ የሚያላቅቀው በመዶሻ ነው። ምንጣፉ ሲነጠፍ ሬዚኑ በብሩሽ ተመትቶ እንጂ ተጎትቶ አይቀባም፤ ከተጎተተ ክሩ ይፈታል። ነጭ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቦታ አየር የቀረበት ነው። አየሩ ካልወጣ ፀሐይ ላይ ሲውል ያብጥና ቀለሙን ይልጣል። ከቅርጹ ከ24 ሰዓት በፊት አይነሳ፤ እጅ ላይ የደረቀ ቢመስልም ገና እየተኮማተረ ስለሆነ ይጣመማል፤ የተጣመመ ሽፋን ብሎን ቀዳዳው ላይ በጉልበት ሲገባ ደግሞ በሳምንት ይሰነጠቃል። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ግዴታ ነው። ኮባልት ከሚባለው ማፍጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ይፈነዳል፤ መጀመሪያ አንዱ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ተዋህዶ ነው ሌላው የሚጨመረው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ አይመችምና ውኃ እያስነኩ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ነው። ስቱኮውም ቀለሙም ከዚያ በኋላ የታወቀ ሥራ ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ሽፋን የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ ከብሎን ቀዳዳ ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት የተለመደ ስህተት ነው። ቀዳዳው ጎሚኒ የሚያስገባ ሆኖ ሰፋ ማለት አለበት፤ ጎሚኒው ውስጥ ትንሽ የብረት ቱቦ ይገባል፣ ብሎኑ ቱቦውን ያጠብቃል እንጂ ሽፋኑን አይጨምቅም፤ ከላይም ሰፊ ሮንዴላ ይደረጋል። ቀዳዳው ከሽፋኑ ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ በዙሪያው ከውስጥ በኩል ሦስተኛ ንጣፍ ይጨመር። ብሎን እንዳይፈታ የሚቀባው ፈሳሽ ማጣበቂያ ኤቢኤስና ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክን ያሰነጥቃልና ከፕላስቲክ አጠገብ ናይለን ያለው ዳዶ ይሻላል። የዳሽቦርዱን መስታወት በቤንዚን መወልወልም እዚሁ ላይ ይቁም፤ ያጨፈግገዋል።

ዳሽቦርዱን በተመለከተ የመጀመሪያው ምክሬ ነባሩን የፍጥነት መለኪያ አትጣሉት የሚል ነው። እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተሮች ላይ መለኪያው ከፊት ጎማ በሚመጣ ካቦ የሚሠራ ከሆነ የነዳጅ ሞተሩ መውጣቱን አያውቅም፤ ፍጥነቱንም የተነዳውን ኪሎ ሜትርም እንደ ድሮው ይቆጥራል። ከመቀየሪያው ዕቃ (ኪት) ጋር የሚመጣው ዲጂታል ስክሪን ግን ፍጥነቱን የሚያሰላው ከሞተሩ ዙር ስለሆነ የጎማው ዙሪያ ልክ በትክክል ሊሞላለት ይገባል። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ሰው ተቀምጦበት አንድ ዙር ገፍቶ መሬቱን በሜትር መለካት ነው። 3.00-17 ጎማ 1.83 ሜትር ገደማ ይሰጣል። ስክሪኑ ለባለ 10 ኢንች ስኩተር እንደተሞላ ከቀረ 60 እየነዱ 42 ያሳያል።

ባትሪ ማሳያው ላይ የሚሠራው ጥፋት ከዚህ ይከፋል። በአምስት መስመር የሚያሳየው ርካሽ ዓይነት የሚያነበው ቮልቴጅ ብቻ ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል ከ80 በመቶ እስከ 20 በመቶ ሲወርድ ከ3.3 ወደ 3.2 ቮልት ገደማ ቢቀንስ ነው። በዚህ ልዩነት ማንም የቀረውን ሊያውቅ አይችልም፤ አቀበት ላይ ቮልቴጁ ለጊዜው ስለሚወርድ መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ሜዳ ሲደርስ ይመለሳሉ፣ በመጨረሻ ሳይታሰብ ጭልም ይላል። ትክክለኛው የሚገባውንና የሚወጣውን አምፒር የሚቆጥር መለኪያ ነው። 100 አምፒር 75 ሚሊቮልት የሆነ ሻንት፣ ማለትም አምፒሩ የሚለካበት ብረት፣ በባትሪው ኔጌቲቭ በኩል ይገባል። ሙሉ 100 አምፒር ሲያልፍበት 7.5 ዋት ስለሚሞቅ ከፕላስቲክ ላይ አይታሰር። የኮንትሮለሩም፣ የቻርጀሩም፣ የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 12 የሚያወርደው ኮንቨርተርም ኔጌቲቭ ሁሉ ከሻንቱ ወዲያኛው ጫፍ መነሳት አለበት። የቻርጀሩ ኔጌቲቭ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረ ማሳያው የወጣውን እንጂ የገባውን አይቆጥርምና ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም ባዶ ነው ይላል። «ማሳያው ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ይኸው ነው።

የቀረውን ኃይል በመቶኛ በትክክል ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ደንገጎ ያስረዳል። ከድሬዳዋ እስከ ሐሮማያ የከፍታው ልዩነት ወደ 800 ሜትር ነው። ሞተሩና ነጂው በድምሩ 200 ኪሎ ቢሆኑ፣ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ 0.44 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት 0.55 ያህል። ባትሪው 72 ቮልት 30 አምፒር ሰዓት ከሆነ የያዘው 2.16 ኪሎዋት ሰዓት ነውና ሩቡ ለከፍታ ብቻ አለቀ ማለት ነው፤ የጎማና የንፋስ ትግሉ ገና አልተቆጠረም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ቀሪ ኪሎ ሜትር» ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ በተነዳው ተሰልቶ ስለሆነ እዚያ ላይ አይታመንም። በመልሱ ደግሞ ሐሮማያ ላይ ጢም ብሎ በተሞላ ባትሪ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱን በሞተሩ መያዝ አይቻልም፤ ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ የለውምና የሞተሩ አያያዝ በድንገት ይለቃል። ማሳያው 90 በመቶ ሲል ነቅሎ መውረድ ነው።

ለመብራትና ለክላክስ የሚሆነው 12 ቮልት ከኮንቨርተር ይመጣል። ነባሩ የፊት መብራት 35 ዋት፣ የኋላውና የፍሬኑ 26፣ ሁለት ፍሬቻ 20፣ ክላክስ 30 ቢሆን በድምሩ 111 ዋት፣ ከ9 አምፒር በላይ ነው። ስለዚህ 10 አምፒር ተብሎ የሚሸጠው ኮንቨርተር ትንፋሽ አይኖረውም፤ ወይ 20 አምፒር መግዛት፣ ወይ መብራቱን ኤልኢዲ ማድረግ። ኤልኢዲ ሲገባ ፍሬቻው እንደ እብድ ይጣደፋል፤ የፍላሸር ሪሌውን ለኤልኢዲ በተሠራው መቀየር ነው። የኮንቨርተሩ መግቢያ ላይ የሚገባው ፊውዝ 5 አምፒር ሆኖ ቢያንስ 100 ቮልት ዲሲ የሚችል ይሁን። የመኪናው ባለ ሁለት እግር ፕላስቲክ ፊውዝ አብዛኛው ለ32 ቮልት የተሠራ ነው፤ በ72 ቮልት ሲቃጠል ብልጭታው ሳይቋረጥ ፊውዙን አልፎ ሽቦውን ያቃጥላል።

አሁን ደግሞ ሰው ሊገድል ወደሚችለው። የፍጥነት መስጫው እጀታ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ 5 ቮልት፣ ማሳ (ኔጌቲቩ) እና ምልክት። ሽቦዎቹ የሚያልፉት በመሪው አንገት ነው፤ መሪው በዞረ ቁጥር ይታጠፋሉ። ሽፋኑ ጠቧቸው ከተጨመቁ ወይም ፋሸታ በሚታጠፉበት ቦታ ከታሰረባቸው አንድ ቀን ከላስቲኩ ውስጥ ይበጠሳሉ። የተበጠሰው ማሳው ከሆነ ምልክቱ ወደ 5 ቮልት ይወጣል፤ ጥበቃ የሌለው ኮንትሮለርም ይህን «ሙሉ ፍጥነት ስጥ» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ሽቦው ለስላሳና ባለ ብዙ ክር ይሁን፣ አንገቱ ጋ ልቅ ቀለበት ይኑረው፣ ማሰሪያው ከመታጠፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ፍሬን ሲያዝ ኃይል የሚቆርጠው ስዊችም በሁለቱም ፍሬኖች ላይ የግድ ነው። ሥራው ሲያልቅ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቶ፣ በዝግታ እያዞሩ ሦስቱን ሽቦዎች በየተራ መንቀል፤ በሦስቱም ጊዜ ጎማው መቆም አለበት። አንዱ ላይ እንኳ ካልቆመ ያ ኮንትሮለር መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

በርካሽ ኮንትሮለሮች ላይ የቁልፉ መስመር የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ይዞ ዳሽቦርዱ ድረስ ይመጣል፤ 24 ሴል ያለው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 87.6 ቮልት ነው። ከ60 ቮልት ዲሲ በላይ በእጅ ሊነካ የማይገባው ነው፤ ነባሩ የቁልፍ ማብሪያም የተሠራው ለ12 ቮልት ነው። ቁልፉ በ12 ቮልት ሪሌ ያንቀሳቅስ፣ ሪሌው ከባትሪው አጠገብ ሆኖ ከፍተኛውን ይቁረጥ። ዳሽቦርዱ ውስጥ የግድ የሚገባ ከፍተኛ ቮልቴጅ ካለ በተለየ ቀለም ቱቦ ይሸፈን።

ስክሪኑ ሲመረጥ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ፀሐይ ላይ ይታይ። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ቁጥር ያለው ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ቀትር ላይ አይነበብም፤ ደብዛዛ መደብ ላይ ጥቁር ቁጥር ያለው ነው የሚሻለው። ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የማያበራ ጥቁር የተቀባ ጥላ ይደረግለት፤ ከሥሩ ዝቅተኛው ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ እርጥበቱ መውጫ ካጣ መስታወቱን ከውስጥ ያላበዋል።

በመጨረሻ ለድሬዳዋ አስተዳደርና ለሐረሪ ክልል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥር ከወጣው የነዳጅ ሞተር ጋር አብሮ ስለሚሄድ ባለንብረቱ ከመቀየሩ በፊት የት ሄዶ ምን እንደሚያሟላ በግልጽ ይለጠፍለት። የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መሪው አንገት ላይ ነውና የሽፋን መያዣ እንዳይበየድበት፣ ሽፋኑም ሳይፈታ የሚነበብበት መስኮት እንዲኖረው ይታዘዝ። መርማሪውም ሽፋኑን ሳያስፈታ አይፈርም፤ መሪውን ዳር እስከ ዳር ያዙር፣ ፊውዙ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብብ፣ የኋላ ጎማውን አስነስቶ የእጀታውን ሽቦዎች በየተራ ያስነቅል። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚያስፈልገውም ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ቴስተር ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ